የፊርማው ቦታ ጥናት፦ ክፍት ዳታ ያሳየውና ሊያሳይ ያልቻለው

የባህሪ ሳይንስና የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች ጥሬ ዳታቸውን እንዲያጋሩ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብላቸው ምክንያት፣ ሌሎች በዚያው ዳታ አዲስ ጥያቄ ሊመልሱበት ይችላሉ የሚል ነው። ምክንያቱ ተገቢ ቢሆንም የክፍት ዳታን ጥቅም በከፊል ብቻ ይገልጻል። ዳታ ሲከፈት ዳታው ራሱ ለምርመራ ይቀርባል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ምን ያህል ኃይል እንዳለውና የት ላይ እንደሚቆም በግልጽ ያሳየ አንድ ጉዳይ በአሜሪካ ተከስቷል። ሰነዶቹ በአደባባይ ስለሚገኙ የነገሩን አካሄድ ከመነሻው መከታተል ይቻላል። የሚያስፈልገን የሥራው ሂደት በመሆኑ በጉዳዩ የተሳተፉትን ሰዎች በስም አልጠቅስም። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ የተለየ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በ2012 አምስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ሦስት ሙከራዎችን የያዘ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰዎች የግብር፣ የመድን ወይም የወጪ ማካካሻ ቅጽ ሲሞሉ የሰጡት መረጃ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡበት ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ በቅጹ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ሰውየው ፊርማው ላይ ሲደርስ ግን የሚዋሸውን ዋሽቶ ጨርሷል። ፊርማው ወደ ቅጹ ራስጌ ቢወጣ፣ ፈራሚው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ስለ ታማኝነት ስለሚያስብ፣ ውሸቱ ይቀንሳል የሚል ነበር መላ ምቱ።

ሁለቱ ሙከራዎች በቤተ ሙከራ የተካሄዱ ነበሩ። ለጽሑፉ ክብደት የሰጠው ግን ሦስተኛው፣ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከአንድ የመኪና መድን ድርጅት ጋር ተካሄደ የተባለው የመስክ ሙከራ ነው። የድርጅቱ ደንበኞች የመኪናቸው ቆጣሪ የሚያሳየውን ማይል በቅጽ ሞልተው እንዲልኩ ይጠየቃሉ። ብዙ የሚነዳ ሰው ከፍ ያለ የመድን ክፍያ ስለሚጠየቅ፣ ማይሉን አሳንሶ ለሚጽፍ ደንበኛ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ግማሾቹ ደንበኞች «የምሰጠው መረጃ እውነት መሆኑን ቃል እገባለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቅጹ ራስጌ፣ ግማሾቹ ደግሞ በግርጌው እንዲፈርሙ በዕጣ ተመደቡ። ዳታው 13,488 የመድን ውሎችንና 20,741 መኪናዎችን የያዘ ነበር። በውጤቱም ራስጌ ላይ የፈረሙት ካለፈው ንባብ ወዲህ በአማካይ ወደ 26,100 ማይል፣ ግርጌ ላይ የፈረሙት ደግሞ ወደ 23,700 ማይል መንዳታቸውን እንደገለጹ ተዘገበ። ልዩነቱ ወደ 2,400 ማይል፣ ማለትም ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ሲሆን በመቶኛ ሲሰላ ከአሥር በመቶ ትንሽ ይበልጣል።

ይህን ውጤት የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የመድን ድርጅት ኃላፊ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ምንም ወጪ ሳይወጣ፣ አንድ መስመር ከግርጌ ወደ ራስጌ በማዛወር ብቻ ታማኝነት በአሥር በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። የተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራሩን ተቀብለው ሥራ ላይ አዋሉት። ጽሑፉም በየትምህርት ቤቱና በየሥልጠናው የሚጠቀስ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የመስክ ሙከራው ጥሬ ዳታ ለአንባቢ አልተከፈተም። አንባቢው ያየው አማካዮቹንና የስታቲስቲክስ ውጤቱን ብቻ ነበር።

ችግሩ እንዴት ብቅ አለ

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው ሌሎች ሐሳቡን ተግባር ላይ ለማዋል ሲሞክሩ ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጓቲማላ የግብር ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ግብር ከፋዮችን ስለ ታማኝነት የሚያሳስቡ መልእክቶችን ሞክሮ ምንም ለውጥ እንዳላገኘ ዘገበ። በ2020 ደግሞ ሁለት አዳዲስ ተመራማሪዎች ከአምስቱ የመጀመሪያ ጸሐፊዎች ጋር ሆነው ሐሳቡን እንደገና ፈተኑት። በጠቅላላው 4,559 ሰዎች የተሳተፉባቸው አምስት ተቀራራቢ ሙከራዎችና፣ ዕቅዱ አስቀድሞ የተመዘገበ፣ 1,235 ሰዎችን ያሳተፈ አንድ ቀጥተኛ ድጋሚ ሙከራ ተካሄዱ። በአንዱም የፊርማው ቦታ ለውጥ አላመጣም። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች በገዛ ራሳቸው ግኝት ላይ የተካሄደ ፈተና ውስጥ መግባታቸውና ያልተሳካውን ውጤት በስማቸው ማሳተማቸው በእኔ ግምት ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነው፤ ብዙ ግኝቶች እንዲህ ያለ ዕድል አያገኙም።

ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ወደ አሮጌው የመስክ ሙከራ ዳታ ተመለሱና አንድ ያልጠበቁት ነገር አገኙ። የመድን ድርጅቱ ከሙከራው በፊት የተመዘገበ የእያንዳንዱ መኪና የቆጣሪ ንባብ ነበረው። ደንበኞቹ በዕጣ ከተመደቡ፣ በዚህ በቀድሞው ንባብ ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ ገና ምንም አልተደረገባቸውምና። የቀድሞው ንባብ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ወደ 15,000 ማይል ይለያይ ነበር። ይህም የሙከራው ውጤት ነው ከተባለው ልዩነት ስድስት እጥፍ ይሆናል። ከአሥራ ሦስት ሺህ በላይ ውሎች በዕጣ ተከፍለው እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ይፈጠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ጸሐፊዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ የዕጣ ድልድሉ ሳይሳካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም እንደታዘዘው አልተፈጸመ ይሆናል የሚል ነበር። በያዙት መረጃ ልክ ምክንያታዊ ግምት ነው። ቀጥሎ ያደረጉት ግን ለጉዳዩ ሁሉ ወሳኝ ሆነ፤ የራሳቸውን የድጋሚ ሙከራዎች ዳታ ሲያጋሩ የ2012ቱን የመስክ ሙከራ የኤክሴል ፋይልም አብረው ለሕዝብ ክፍት አደረጉት።

ፋይሉ ሲመረመር

ማንነታቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ተመራማሪዎች ፋይሉን አውርደው መረመሩት። ያገኙትንም የምርምር ጽሑፎችን ዳታ በመፈተሽ ለሚታወቁት ለዳታ ኮላዳ ብሎግ አዘጋጆች አቀረቡ። ግኝቱ በነሐሴ ወር 2021 ይፋ ሆነ። ማስረጃው አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ አንዱም ቢሆን ከፍተኛ የሒሳብ ዕውቀት የማይጠይቅ በመሆኑ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የተነዳው ማይል ሥርጭት ነው። በየትኛውም አገር ሰዎች በዓመት የሚነዱት ርቀት ሲሰበሰብ አብዛኛው መኪና በመካከለኛ ርቀት ዙሪያ ይከማቻል፤ እጅግ ጥቂት የነዱና እጅግ ብዙ የነዱ በሁለቱ ጫፎች እየሳሱ ይሄዳሉ። መርማሪዎቹ ለማነጻጸሪያ የተጠቀሙበት የእንግሊዝ የመኪና መዝገብም ይህንኑ ያሳያል። በመድን ድርጅቱ ፋይል ግን አምስት ሺህ ማይል የነዱት፣ ሃያ ሺህ የነዱትና አርባ አምስት ሺህ የነዱት መኪናዎች ቁጥር እኩል ለመሆን የቀረበ ነበር። ከዚያም ልክ 50,000 ማይል ላይ ሲደርስ ሥርጭቱ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ኤክሴል በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ማንኛውንም ቁጥር በእኩል ዕድል የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። ከዜሮ እስከ ሃምሳ ሺህ ያለውን እንዲያወጣ ቢታዘዝ የሚሰጠው ሥርጭት ልክ ይህን ይመስላል።

ሁለተኛው የተጠጋጉ ቁጥሮች ጉዳይ ነው። ይህን ለመረዳት በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራም ሆነ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ የሠራ ባለሙያ ረዥም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዕድሜ ሲጠየቅ «ሠላሳ»፣ «ሠላሳ አምስት»፣ «አርባ» የሚሉ መልሶች ከሠላሳ ሦስትና ከሠላሳ ሰባት በልጠው ይከማቻሉ፤ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ወደ ቀረበው አምስት ወይም ዜሮ ያጠጋጋልና። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን መከማቸት እንደ ዳታ ጉድለት ቆጥረው ያርሙታል። በዚህ ጉዳይ ግን የመከማቸቱ አለመኖር ነበር ጥያቄ ያስነሣው። በቀድሞው የቆጣሪ ንባብ ዓምድ ውስጥ በሦስት ዜሮ የሚያልቁ ቁጥሮች እንደሚጠበቀው ብዙ ነበሩ። ደንበኞቹ በቅጹ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት በተባለው በአዲሱ ንባብ ዓምድ ግን በሦስት ዜሮ የሚያልቁት ቁጥሮች ከሌላው አይበልጡም ነበር። ከአሥራ ሦስት ሺህ በላይ ደንበኞች ሁሉም እስከ መጨረሻዋ አኃዝ በጥንቃቄ አንብበው ጻፉ ማለት ነው፤ ይህ የሰው ጠባይ አይደለም።

ሦስተኛው ማስረጃ ከቁጥሮቹ ውጭ የተገኘ ነው። የቀድሞው ንባብ በተጻፈበት ዓምድ ውስጥ የረድፎቹ ግማሽ ካሊብሪ በተባለው ፎንት፣ ግማሹ ደግሞ ካምብሪያ በተባለው የተጻፉ ነበሩ። ሁለቱ ፎንቶች በፋይሉ ውስጥ ተደበላልቀው ስለሚገኙ በጨረፍታ የሚያይ ሰው ላያስተውላቸው ይችላል። ተለይተው ሲታዩ ግን በካሊብሪ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ ረድፍ በካምብሪያ የተጻፈ መንታ ይገኝለታል። በውሉ ስር ያሉት መኪናዎች ብዛት ይመሳሰላል፤ የካምብሪያው ንባብ ከካሊብሪው ከአንድ ሺህ ማይል በላይ አይርቅም። በአንድ ውል ስር አራት መኪና ባስመዘገቡ ደንበኞች ዘንድ አራቱም ንባቦች እንዲህ ተቀራርበው ይገኛሉ። መርማሪዎቹ ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ፣ አንድ ሰው የካሊብሪዎቹን ረድፎች ገልብጦ ከዜሮ እስከ አንድ ሺህ ያለ የዘፈቀደ ቁጥር በመደመር የውሎቹን ብዛት በእጥፍ አሳድጓል የሚል ነው።

አራተኛው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያገናኛል። በቀድሞው ንባብ ዓምድ ውስጥ በሦስት ዜሮ የሚያልቁት ቁጥሮች በካሊብሪ ረድፎች ላይ እንጂ በካምብሪያዎቹ ላይ አልተከማቹም። በተጠጋጋ ቁጥር ላይ የዘፈቀደ ቁጥር ሲደመር መጠጋጋቱ ይጠፋልና ይህ የሚጠበቅ ነው። አራቱ ምልክቶች የየራሳቸው መነሻ ኖሯቸው ወደ አንድ ቦታ ስለሚያመለክቱ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ንጹሕ ማብራሪያ መፈለግ አላዋጣም።

ከግኝቱ በኋላ

የምርመራው ጽሑፍ ይፋ ከመሆኑ በፊት የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች መልስ እንዲሰጡ ተጠይቀው የሰጡት መልስ አብሮ ወጣ። አንዳቸውም ዳታው አልተፈበረከም ብለው አልተከራከሩም። አራቱ በመስክ ሙከራው ዳታ አሰባሰብ ላይ እንዳልተሳተፉ ገለጹ። አምስተኛው ከመድን ድርጅቱ ጋር የተገናኘው እርሱ ብቻ እንደነበረ አምኖ፣ ዳታው በድርጅቱ ተሰብስቦና ተዋህዶ እንደደረሰው፣ መፈብረኩንም እንደማያውቅ ተናገረ። መጽሔቱ በመስከረም ወር 2021 የ2012ቱን ጽሑፍ ሻረ። በ2023 የመድን ድርጅቱ በበኩሉ፣ ለምርምር ሰጥቶት የነበረው ዳታ ከታተመው እጅግ ያነሱ መኪናዎችን የያዘ እንደነበረና በኋላ ላይ በተፈበረከ ዳታ የተሞላ እንደሚመስል ለመገናኛ ብዙኃን አስታወቀ።

ማን እንደፈበረከው ግን በአደባባይ የተረጋገጠ ነገር የለም። ሁለት ወገኖች ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የሚፈርድ ሰነድ አልተገኘም።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በ2023 የዳታ ኮላዳ አዘጋጆች ራሳቸው በዚሁ የ2012 ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ሌላ ሙከራ ጥያቄ አነሡ። ኤክሴል ስሌቶችን የሚያከናውንበትን ቅደም ተከተል በፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ አንዳንድ ረድፎች ከቦታቸው መነሣታቸውን ከዚህ ቅደም ተከተል ማንበብ ችለው ነበር። በዚህና በሌሎች ጽሑፎች ሳቢያ ስሟ የተነሣ ተመራማሪ ክሱን ክዳ፣ እነዚህን መርማሪዎችና ያኔ ትሠራበት የነበረውን ዩኒቨርሲቲ በ25 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ቤት ከሰሰች። በመስከረም ወር 2024 ፍርድ ቤቱ የስም ማጥፋት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ይሁን እንጂ ለመርማሪዎቹ የጥብቅና ወጪ ከብዙ ተመራማሪዎች የገንዘብ መዋጮ መሰብሰብ አስፈልጎ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ፋይሉ እንደነበረ መከፈቱ ነው። ስለ ዳታ ማጋራት የሚሰጡ ሥልጠናዎች የኤክሴል ፋይልን ወደ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ለውጦ ማስቀመጥን ይመክራሉ፤ ያ ቅርጽ በማንኛውም ፕሮግራም ይከፈታል፣ ዘመንም አያልፍበትም። ምክሩ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን የፊርማው ዳታ በዚያ መንገድ ብቻ ተጸድቶ ቢጋራ ኖሮ የሁለቱ ፎንቶች ልዩነት ይጠፋ ነበር፤ የመንትዮቹን ረድፎች ለማግኘትም ማንም ላይነሣ ይችል ነበር። በ2023 የተነበበው የስሌት ቅደም ተከተልም እንዲሁ በጠፋ ነበር። ንጹሑ ቅጂ ለአዲስ ትንተና ይመቻል፤ ዋናው ፋይል ግን የሥራውን አሻራ ይዞ ይቀራል።

የድጋሚ ሙከራውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ ድርሻው ምን ድረስ እንደሆነ ግን መለየት ይገባል። ድጋሚ ሙከራዎቹ ሐሳቡ እንደማይሠራ አሳይተዋል፤ የመጀመሪያው ውጤት ለምን እንደተገኘ ግን ሊነግሩን አይችሉም። ሰዎች ተቀይረው ይሆናል፣ ዘመኑ ተቀይሮ ይሆናል የሚል መከላከያ ምንጊዜም ክፍት ነው። ያንን በር የዘጋው ጥሬው ዳታ ነው።

ያልሠራው ከኅትመት በፊት የሚደረገው ግምገማ ነው። ገምጋሚዎቹ የቀረበላቸውን አማካይ ብቻ ሲያዩ የሥርጭቱን እንግዳ ቅርጽ ሊያዩ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ለጸሐፊዎቹም ቢሆን የሥራ ክፍፍሉ አልጠቀማቸውም። አምስት ስሞች ባሉበት ጽሑፍ ላይ ዳታው ከምንጩ ወደ ጥናቱ ሲገባ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ የደረሳቸውን ፋይል በእምነት ተቀብለው ተነተኑ። በጋራ ሥራ መተማመን የግድ ነው፤ ነገር ግን ከምንጩ ጋር የሚገናኘው መስመር በአንድ ሰው ብቻ ሲያልፍ፣ ጥያቄ ሲነሣ ያ ሰው ንጹሕ ቢሆንም ንጽሕናውን የሚያሳይበት ነገር አይኖረውም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። ጽሑፉ ከታተመ እስከ ተሻረ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ማስረጃዎቹ ግን ፋይሉን ከፍቶ የአንድን ዓምድ ሥርጭት በሥዕል ለሚያይ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቅ የሚሉ ነበሩ። በ2012 ፋይሉ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ቢወጣ ኖሮ መሥሪያ ቤቶች ቅጻቸውን ከመቀየራቸው በፊት ጥያቄው ሊነሣ ይችል ነበር።

ለሌሎች ሥራዎች የሚሻገር

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋናው ነገር፣ ዳታን መክፈትና የዳታን አመጣጥ መዝግቦ መያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው ተፈጽሞ ሐሰቱ ታወቀ። ሁለተኛው ስላልተፈጸመ የሐሰቱ ምንጭ ሳይታወቅ ቀረ፤ በዚህም ንጹሑም ጥፋተኛውም በአንድ ጥርጣሬ ስር ወደቁ። ስለዚህ ከሌላ ድርጅት ዳታ የሚቀበል የምርምር ቡድን፣ ፋይሉ በደረሰበት ዕለት ዋናውን ቅጂ ማንም በማይነካው ቦታ ማስቀመጥ፣ የረድፎቹንና የዓምዶቹን ብዛት የያዘ አጭር የርክክብ ሰነድ ከሰጪው ጋር መፈራረም፣ የፋይሉንም የዲጂታል አሻራ፣ በተለምዶ ሃሽ የሚባለውን፣ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ሃሹ አንዲት ፊደል ብትለወጥ የሚለወጥ አጭር የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ስለሆነ፣ ዳታው ራሱ ገና ባይከፈት እንኳ ሃሹን በአደባባይ ማስመዝገብ ይቻላል። ከጸሐፊዎቹም ቢያንስ ሁለቱ ዋናውን ፋይል በቀጥታ ከምንጩ ቢቀበሉ፣ የፊርማው ጥናት ላይ የታየው ክፍተት አይፈጠርም።

ይህ ምክር ወደ አንጎል ምስል ሲሻገር ግን አንድ ከባድ ችግር ይገጥመዋል። የመኪና ቆጣሪ ንባብ የባለቤቱን ማንነት አይናገርም፤ ስለዚህ ዋናውን ፋይል እንዳለ መክፈት ጉዳት አላስከተለም። የኤም.አር.አይ. ማሽን የሚያወጣው ዋና ፋይል ግን ዳይኮም በተባለው ቅርጽ የታካሚውን ስም፣ የልደት ቀን፣ ምስሉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የማሽኑን መለያ በራስጌው ይይዛል። የአመጣጥ ማስረጃ የሚሆነው ይህ መረጃ ነው፤ ተሳታፊውን የሚያጋልጠውም ይኸው ነው። ስሙ ቢነሣም ምስሉ የፊት ቅርጽን ይይዛል። በ2019 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ84 ፈቃደኞች የ70ዎቹን የአንጎል ምስል የፊት መለያ ሶፍትዌር ከፎቶግራፋቸው ጋር በትክክል እንዳዛመደ አሳይቷል። የአንጎል ምስሎችን በነጻ የሚያጋራው ኦፕንኒውሮ ፊት የሚለይበት የምስሉ ክፍል ተወግዶ እንዲቀርብለት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። በ2016 የታተመው ቢድስ የተባለው የአንጎል ዳታ አደራጃጀት ሥርዓትም የፋይሎቹን ስምና የአቀማመጥ ደንብ አንድ ወጥ አድርጓል፤ የተጸዳው ዳታ ከየትኛው ዋና ፋይል እንደመጣ ማረጋገጥ ግን አሁንም የምስል አንሺው ተቋም ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ በነርቭ ሳይንስ የሚሻለው ሁለት እርከን ያለው አሠራር ይመስለኛል። ለሕዝብ የሚከፈተው ፊትና ስም የተወገደለት ቅጂ ይሆናል። ዋናው የዳይኮም ፋይል ደግሞ በተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቁጥጥር ስር ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሃሹም ከተከፈተው ቅጂ ጋር አብሮ ይታተማል። ጥያቄ ከተነሣ ኮሚቴው ወይም በእርሱ የተወከለ ባለሙያ የታሸገውን ፋይል ከፍቶ ያነጻጽራል፤ የተሳታፊው ማንነት አይወጣም። ይህ ግን ተሳታፊው በስምምነት ቅጹ ላይ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዳታው ለሌሎች ተመራማሪዎች እንደሚጋራ፣ አንዴ ከወጣ በኋላም መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል፣ በሚገባው ቋንቋ ያልተነገረው ሰው ፈቀደ ሊባል አይችልም።

በኢትዮጵያ ይህን ለሚያስቡ ተቋማት የሚመሠረቱበት ልምድ አለ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ዳታ ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ የናሙና ቦታዎቹ መገኛ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ ከቦታው ይዛወራል። ቤተሰቦቹ አይለዩም፤ የአካባቢውን ሁኔታ ማጥናት ግን ይቻላል። በታብሌት የሚሰበሰብ የቤተሰብ ጥናትም እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ መቼ እንደተጀመረና መቼ እንዳለቀ በሰርቨር ላይ ይመዘግባል፤ ይህ የሰዓት መዝገብ ከማንኛውም ቃለ መሐላ የበለጠ የአመጣጥ ማስረጃ ነው፣ ግን ዳታው «ከጸዳ» በኋላ ብዙ ጊዜ ይጣላል። ሊጣል አይገባውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው፣ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ የጤናና የባህሪ ዳታ የሚሰበስብ ተቋም ማን ምን እንደያዘ፣ ለማን እንደሰጠና በምን ፈቃድ እንደሰጠ በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ለሕጉ የሚዘጋጀው መዝገብና ለሳይንሳዊ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው መዝገብ በአብዛኛው አንድ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ቢዘጋጅ ሁለቱን ያገለግላል።

የመጨረሻው ጉዳይ መርማሪዎቹን ይመለከታል። በ2021 ፋይሉን የመረመሩት ሰዎች ስማቸውን ደብቀው ነበር፤ በ2023 ስማቸውን ያልደበቁት ደግሞ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ዳታ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ተቋም፣ ክፍት ዳታን የሚመረምረው ወጣት ተመራማሪ ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ፣ ጥያቄው በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚታይ፣ በቅን ልቦና ላቀረበው ጥያቄም ተቋሙ ምን ዓይነት የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጠው በዚያው መመሪያ ውስጥ ሊጽፍ ይገባል። ተጠያቂው ጸሐፊም፣ በ2021 እንደተደረገው፣ ነገሩ ይፋ ከመሆኑ በፊት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ብዙዎቹ የዳታ ማጋራት መመሪያዎች ስለ ፋይል ቅርጽና ስለ ማስቀመጫ ቦታ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ በዚህ ላይ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ የላቸውም።